ወለድ አገድ

እናቴ መጽሐፍ የለመደችው በጆሮዋ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ሊጥ የነካ እጇን ሳትታጠብ ቆማ ትሰማ ነበር። ዛሬ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ማታ ማታ የማነብላት እኔ ነኝ። ድምፄ ከፈጠነባት «ቀስ በይ እንጂ፣ ወጋየሁ እንዲህ አያጣድፍም» ትለኛለች። ቀስ እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ያነበብኩላት መጽሐፍ ግን በአማርኛ የተጻፈ አልነበረም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ የሚያስተምር ጓደኛዬ ያዋሰኝ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው፤ የአብዱልራዛቅ ጉርናህ «ፓራዳይዝ»። ገነት ማለት ነው። ቀን ቀን መጽሐፉን ይዤ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ከዋርካ ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። እሷ ጋ ዱካ ላይ ተቀምጬ አሥር፣ አሥራ አምስት ገጽ አነባለሁ። ማታ ደግሞ ያነበብኩትን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለእማዬ አወራላታለሁ። የከበደኝን ቃል ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ቃል ሳምንት ይፈጅብኛል።

ጉርናህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ በእኛ መስከረም 2014 መሆኑ ነው፣ ያኔ ነው ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት። የተወለደው ዛንዚባር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ግድም አገሩን ጥሎ እንግሊዝ ገባ። ኬንት ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ኖረ። አፉን የፈታው በስዋሂሊ ነው፤ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የሩሲያና የአሜሪካ ደራሲዎችን ትርጉም ሳሳድድ ነበር። የጎረቤቴን ደጅ ሳልረግጥ ማዶ ማዶውን ሳይ መኖሬ ያስቆጨኛል። እዚህ ከተማ መጽሐፍ የሚያዞሩት ልጆች ክንዳቸው ላይ የሚቆልሉት በአብዛኛው ስለ ስኬትና ስለ ገንዘብ የሚመክር ነው። በመሐል አንድ ሁለት የአማርኛ ልብ ወለድ አይጠፋም። የኬንያ፣ የታንዛኒያ፣ የሶማሊያ ሰው የጻፈው ልብ ወለድ ግን እነሱ ክንድ ላይ አይቼ አላውቅም።

ታሪኩ የሚሆነው ዛሬ ታንዛኒያ በምንለው አገር ነው። ጊዜው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያሉት ዓመታት ናቸው፤ ጀርመኖች አገሩን እየያዙ ነው። ዩሱፍ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ አለ። አባቱ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤትና ማደሪያ ከፍቷል፤ ግን አልቀናውም። አልፎ አልፎ አንድ ሀብታም ነጋዴ ይመጣባቸዋል። አጎት አዚዝ ይሉታል። የረጋ ሰው ነው። ሽቶ ሽቶ ይላል። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሲሄድ ለዩሱፍ ሳንቲም ያስጨብጠዋል። ልጁም የአጎቱን መምጣት ይወዳል፤ ለሳንቲሙም፣ ያን ቀን ቤት ውስጥ ለሚሠራው ጥሩ ምግብም። አንድ ቀን ወላጆቹ ከአጎትህ ጋር ትሄዳለህ ይሉታል። በባቡር ይወስደዋል። ልጁ ለጥቂት ቀን መስሎታል። አባቱ የነጋዴው ባለዕዳ መሆኑን አያውቅም። የዕዳው መያዣ እሱ ራሱ መሆኑንም አያውቅም።

የተቸገርኩት እዚህ «አጎት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

እኛ ዘንድ አጎት የእናት ወይም የአባት ወንድም ነው። ደም ነው። ደም ያልሆነውን ትልቅ ሰው ጋሼ እንለዋለን። ጋሼ ክብር እንጂ ዝምድና አይደለም። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ያስኬዳቸዋል፤ ልጅ የአባቱን ወንድምም፣ የአባቱን ወዳጅም በዚያችው ቃል ሊጠራ ይችላል። ታዲያ በአማርኛ ምን ልበለው? «ጋሼ አዚዝ» ካልኩ ልጁ አልተታለለም ማለት ነው። ጋሼ መባል ብቻውን ዝምድና እንዳልሆነ የእኛ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። «አጎቴ» ካልኩ ደግሞ ሰውየው አፉን ሞልቶ የዋሸው ይመስላል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አልዋሸም። ቃሉ ነው እያገለገላቸው ያለው። ሁሉም በቃሉ ተሸፋፍነው ይኖራሉ።

ለጊዜው «አጎቴ» እያልኩ ቀጠልኩ። ዩሱፍ ባሕር ዳርቻው ከተማ ደረሰ። የነጋዴው ሱቅ ውስጥ ካሊል የሚባል ወጣት አገኘ፤ ከሱ በዕድሜ ከፍ ይላል። ካሊል ለፍላፊ ነው፣ ይስቃል፣ ይሳደባል፣ ሥራ ያሳየዋል። ሌሊት ደጃፉ ላይ አብረው ይተኛሉ። እሱም በአባቱ ዕዳ የመጣ ልጅ ነው፤ አባቱ ከሞተ ቆይቷል፣ እሱ ግን እዚያው ነው። ዩሱፍ አጎቴ፣ አጎቴ ሲል ካሊል ቁጣ ይዞት ይነግረዋል፦ አጎትህ አይደለም። ጌታዬ በለው።

ይህን ስናገር እማዬ ጥጥ እየፈተለች ነበር። መፍተል ዓይን አይፈልግም፣ ጣቷ ያውቀዋል። እንዝርቱ ሲሽከረከር የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ የማወራው እሱን እየሰማሁ ነው። ድምፁ ቆመ።

«ደግመሽ በይው» አለችኝ።

ደገምኩላት። ክሩ በጣቶቿ መሐል ተወጥሮ ቀረ። ብዙ ቆየችና ስሟን ጠራች። ያቺን ልጅ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ እንድጽፍ አልፈቀደችልኝም።

«እሷም መጀመሪያ አክስቴ ነበር የምትለኝ» አለች እማዬ።

አባቴ ነጋዴ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ትልቅ ነጋዴ አልነበረም። ከዘጌ ቡናና ጌሾ እየገዛ ባሕር ዳር የሚሸጥ ሰው ነው። ከዘጌ ሲመለስ ልብሱ ጌሾ ጌሾ፣ ደረቅ ቡና ቡና ይል ነበር። ኪሱ ውስጥ ሁሌ ሎሚ አይጠፋም። በ1986 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ማታ ከጆንያዎቹ ጋር አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሷ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት። ላስቲክ ጫማ አድርጋለች፣ እግሯ ላይ ጭቃ ደርቋል፣ እጇ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አለ። እማዬ አጠበቻት፣ የኔን ቀሚስ አለበሰቻት። «ከእንግዲህ እህትሽ ናት» አለችኝ።

እህቴ ሆነች። አንድ አልጋ ላይ ተኛን። ብርድ ልብስ ተሻማን። ለጎረቤት «ዘመዳችን ናት፣ ልናስተምራት ነው ያመጣናት» ተባለ። ትምህርት ቤትም ገባች። እኔ የቀን፣ እሷ የማታ። ይህን ልዩነት ያኔ ልዩነት ነው ብዬ አላየሁትም። ጠዋት ስነቃ ከጎኔ ያለው ፍራሽ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። እሷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ እሳት አያይዛለች። እጄን እዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ አሳርፌ ትንሽ እተኛለሁ። ያ ቅዝቃዜ መዳፌ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

እናቴን እትዬ ትላት ነበር። አባቴን ጋሼ። እኔ እማዬና አባዬ እላለሁ። አንድ ቤት፣ አንድ ገበታ፣ ሁለት ዓይነት ስም። እማዬ መጀመሪያ አክስቴ ትላት እንደነበር ግን እስከዚያች ማታ አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ለምን ተወችው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥታ እትዬ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ። ዝም አልኩ።»

ያን ማታ ንባባችን እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ማታ፣ ከመጽሐፉ በፊትም በኋላም፣ ስለ እሷ አወራን። እንዴት እንደመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። የልጅቱ አባት ቡናው ሳይደርስ ከአባቴ ገንዘብ ተበድሮ ነበር። ሚስቱ ታማ ነው። በዓመቱ ቡናው እንደታሰበው አልያዘም። ሰውየው አፍሮ መጣ፤ ቡናዬን በወለድ አገድ ያዝ አለው። አባቴ እምቢ አለ።

«ደሃ ነው፣ ቡናውን ከያዝኩበት ልጆቹ ምን ይበላሉ አለ» አለችኝ እማዬ። «ለሰው አዛኝ ነበር አባትሽ። ሰውየው ውለታው ከበደው መሰለኝ፣ ቆየት ብሎ ልጄን ውሰዱና አስተምሩልኝ፣ እናንተንም ታግዛችኋለች አለ። እኛም ደስ አለን። ጽድቅ ነው ብለን ነው የወሰድናት።»

ወለድ አገድ ምን እንደሆነ ገጠር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ከተሜው ምናልባት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ካላየው አይሰማውም። ገንዘብ ትበደራለህ፤ መሬትህን ወይም ተክልህን ለአበዳሪው ትሰጣለህ። አበዳሪው ወለድ አይቆጥርብህም። በወለዱ ፈንታ ምርቱን ይበላል። ዋናውን ከፍለህ እስክታስለቅቅ ድረስ እርሻው አንተ ስም፣ ፍሬው እሱ ጎተራ ነው። ባትከፍል ዓመት ዓመትን እየወለደ ይሄዳል።

ይህን ቃል ደብተሬ ላይ ጽፌ ብዙ አየሁት። ዩሱፍ ወለድ አገድ ነው። ካሊልም ነው። አባቱ ሞቶ እንኳ ዕዳው ያላለቀ፣ ጉልበቱ በየቀኑ በወለድ ፈንታ የሚታጨድ ልጅ። በእንግሊዝኛው ሳነበው «መያዣ» ብቻ መስሎኝ ነበር። መያዣ ግን ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ወርቅም ሊሆን ይችላል። ወለድ አገድ የሚሠራ፣ የሚያፈራ፣ የሚበላ ነገር ነው። አማርኛው ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ነገሩ ቀረበብኝ። በራስ ቋንቋ አንድን መጽሐፍ እንደገና ማሰብ የሚሰጠው ነገር ይህ ነው። የሩቁ አገር ልጅ ድንገት እኛ ጓዳ ውስጥ ይገኛል።

ቃሉ ሌላም ቦታ ወሰደኝ። ልብ ወለድ። ገንዘብ የሚወልደው ወለድ ይባላል፤ ልብ የሚወልደው ልብ ወለድ። ይህን ስም ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ያተረፈልን የዘጌ ሰው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ እዚሁ ከፊቴ ካለው ሐይቅ ማዶ የተወለደው። «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚለውን መጽሐፉን ሮም ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1908፣ በእኛ በ1900 ዓ.ም. ነው። ኔፕልስ አማርኛ ያስተምር ነበር። ኋላ ከጣሊያን ጋር መቆሙና በግዞት ጅማ ላይ መሞቱ ሌላ ታሪክ ነው፤ የሚያሳዝን ታሪክ። መጽሐፉን ብዙ ሰው «ጦቢያ» በሚለው ስሙ ነው የሚያውቀው።

ሁለቱን መጽሐፎች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው ደነገጥኩ። የአፈወርቅ ታሪክም የሚነሣው ከውለታ ነው። አንድ የጦር አለቃ ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘቡን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። የሰውየው ልጅ ዋህድ ያን ውለታ ልክፈል ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል። መንገድ ላይ ባሪያ ፈንጋዮች ይይዙትና ይሸጡታል። መንታ እህቱ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ትፈልገዋለች። እንግዲህ ነጋዴ አለ፣ የአባት ዕዳ አለ፣ በዕዳው ምክንያት ነጻነቱን ያጣ ልጅ አለ። በ1900 ዓ.ም. የዘጌው ሰው የጀመረውን፣ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ የዛንዚባሩ ሰው ከሌላ በኩል ያነሣው ይመስላል። አንዱ የሌላውን ያነበበ አይመስለኝም። ግን ሁለቱም አገር ነጋዴ፣ ዕዳና ባሪያ ነበር።

ልዩነቱ አፈወርቅ ውለታን ያምናል። ነጋዴው ደግ ነው፤ ደግነቱም ንጹሕ ነው። ልጁ ቢሸጥ እንኳ በመጨረሻ ይገኛል፣ ሁሉም ይታረቃል፣ ሠርግ ይሆናል። ጉርናህ ግን ነጋዴውንም፣ ደግነቱንም ቀስ አድርጎ ያገላብጣል። አዚዝ ክፉ አይደለም። ልጁን አይመታውም፣ አያስርበውም። እንዲያውም ያሞግሰዋል፣ በረጅም የንግድ ጉዞ ላይ ይዞት ይሄዳል። እና እኔን የያዘኝ ይህ ነው። አዚዝ ጨካኝ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን ዘግቼ «እኛ እንዲህ አልነበርንም» እል ነበር። የእኔ አባት ቡናውን አልይዝም ያለ ሰው ነው። እያለቀሰች የምትመጣ አራስ ባየ ቁጥር ኪሱ የሚገባ ሰው ነው። ሁሉም እውነት ነው። ልጅቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣ የነበረውም እውነት ነው።

ስለ ዘጌ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። አፈወርቅ ስለ ባሪያ ፈንጋይ ሲጽፍ የሩቅ ወሬ አልነበረም የጻፈው። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፤ በአካባቢው ወግ የጻድቁ የአባ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይባላል። ኑሮው ቡናው ነው። በዚያ የቡና ደን ውስጥ ደግሞ ባሪያዎች ይሠሩ እንደነበር አጥኚዎች ጽፈዋል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከአዋጁ በኋላ ግን የትኛው ቤት ከማን ይጋባል፣ ማን ከማን ጋር ይቀመጣል የሚለው ነገር ቶሎ አልጠፋም። ጉርናህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ አለ፤ የነጋዴውን የአትክልት ቦታ የሚንከባከብ። እመቤቲቱ ነጻ ነህ፣ ሂድ ስትለው አልሄድም ያለ። ነጻነት እነሱ የሚሰጡትም የሚወስዱትም ነገር አይደለም ብሎ ያስባል። ይህን ሽማግሌ ለእማዬ ሳወራላት «ወዴት ይሄዳል ታዲያ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ጥያቄ ስመልስ ነው የኖርኩት፦ «የደራሲው መልእክት ምንድን ነው?» መልሱ አንድ መስመር ነው። ስንፍና መጥፎ ነው። ፍቅር ያሸንፋል። አንድ መስመር ጽፈን አምስት ማርክ እናገኛለን። ይህ ጥያቄ ብዙ ጎድቶኛል፤ እንደ እኔ የተማሩትንም የጎዳ ይመስለኛል። መልእክት የሚላከው ለሰው ነው፤ ተቀባዩ አንብቦ ያስቀምጠዋል። ልብ ወለድን እንደ ደብዳቤ ካነበብነው ፖስታውን ቀድደን ውስጡን አይተን እንጥለዋለን። ሰምና ወርቅ የለመደው ጆሯችንም ያግዛል፤ ሰሙን አቅልጠን ወርቁን ካላገኘን የተበላን ይመስለናል። እኔ በአሁኑ ዘመን ልብ ወለድ ስናደድ የኖርኩት ለዚህ ነው። መጨረሻው ሲንጠለጠል፣ ገጸ ባሕርዩ ለምን እንደሄደ ሳይነገረኝ ሲቀር፣ ደራሲው የሰነፈ ይመስለኝ ነበር።

«ፓራዳይዝ» የሚያልቀው እንዲህ ነው። ጀርመኖች የሚያዝዟቸው አስካሪ የሚባሉ ወታደሮች ከተማዋ ይደርሳሉ። ሰው እያፈሱ ሸክም ያሸክማሉ። ዩሱፍና ካሊል ሱቁን ዘግተው ይደበቃሉ። ወታደሮቹ ሰፍረው ይቆዩና ይሄዳሉ። ዩሱፍ ወጥቶ የሰፈሩበትን ቦታ ያያል። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ዓይኑን እያቃጠለው፣ ወታደሮቹን ተከትሎ ይሮጣል። አለቀ።

«ወዴት ነው የሚሮጠው?» አለች እማዬ።

«ወታደሮቹን ተከትሎ።»

«ከነሱ አይደል እንዴ የተደበቀው? ለምን ብሎ?»

«አልተጻፈም።»

ተቆጣች። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለ እንዴ አለች። ጨረስኩ ስላት ገጽ የገነጠልኩባት ይመስል መጽሐፉን ተቀብላ በእጇ ዳበሰችው። እኔም አልመለስኩላትም። ተኛን። ሌሊት ለሽንት ተነሥታ ስትመለስ በጨለማው ውስጥ ድምፅዋን ሰማሁት፦ «የሚመለስበት ቤት የለውማ።» ወደ አልጋዋ ሄደች። ደራሲው ጽፎት ቢሆን ኖሮ እማዬ በሌሊት ይህን አትናገርም ነበር።

እሷም ስትሄድ እንዲህ ነበር። ልጅቱ። አሥራ ሰባት ሳይሞላት አይቀርም። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቀን ጠዋት የለችም። ደብተሮቿን አልወሰደችም። እማዬ የሰጠቻትን ነጭ ቀሚስ አጥፋ አልጋው ላይ ትታዋለች። እኔ ያን ቀን የተናደድኩት ቁርስ ባለመሠራቱ ነው። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመነታሁ። ግን እውነቱ እሱ ነው፤ ፈተና ነበረብኝና ተናደድኩ። አባቷ ታሞ ዘጌ እንደገባች የሰማነው ቆይተን ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት በዓል እየመጣች ትጠይቀን ነበር። ሎሚና ቡና ይዛ። እማዬ እጅ ላይ ጎንበስ ብላ። ሁላችንም ደህና ነን፣ ሁላችንም እንዋደዳለን።

ጥቅምት ላይ በጠዋቱ ጀልባ ዘጌ ሄድኩ። ውኃው ጸጥ ያለ ነበር። ከማዶ እንጨት የጫነ ታንኳ እየመጣ ነው፤ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ጠርዙ ከሐይቁ እኩል ሆኗል። ቀዛፊው ከሩቅ ሲታይ ውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ዘጌ ስትወርዱ መንገዱ ወዲያው ደን ውስጥ ይገባል። ላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ አልፎ አልፎ አንዳንዱ መቅላት ጀምሯል። የሷ ቤት ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ቡናው የአባቷ ነው። አባቴ በወለድ አገድ አልይዝም ያለው ቡና።

ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው። ቄጠማ ጎዘጎዘች፣ ቡና ቆላች። መቁላቱን እንዳጣደፍኩባት እንዳይመስላት ዝም ብዬ ጠበቅኩ። አቦሉ ሲቀርብ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እንግሊዝኛ አታነብም፤ አማርኛ ግን ከእኔ ፈጥና ታነብ ነበር። የእኔን የትምህርት መጽሐፍ ማታ በኩራዝ አንብባ ጠዋት ታሪኩን የምትነግረኝ እሷ ነበረች። እና ታሪኩን ነገርኳት። ነጋዴውን፣ ሳንቲሙን፣ ባቡሩን፣ ሱቁን። አላቋረጠችኝም። ሳንቲሙ ላይ ብቻ «ጋሼም ሃምሳ ሳንቲም ይሰጠኝ ነበር፣ እዚህ ሲመጣ» አለች። ፊቷ ላይ ቅሬታ አላየሁም። ጥሩ ነገር ስታስታውስ ነው የምትመስለው።

ለምን እንደመጣሁ መናገር አቃተኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው እንዳልል፣ ይቅርታ ስጠይቅ እሷን ማጽናናት ሊያስጀምራት ነው። ስለዚህ የተቸገርኩበትን ቃል አነሣሁ። ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነው አልኳት። ልጁ ሰውየውን አጎቴ ይበለው ወይስ ጋሼ?

አላሰበችበትም። «አጎቴ ይበላ» አለች። «መስሎት ነዋ።»

«አንቺስ መስሎሽ ነበር?»

«አባቴ አክስትሽ ጋ ነው የምትሄጂው ብሎኝ ነው የሄድኩት። ምን አውቄ።»

«እና ማን ነገረሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። የምቀልድ መስሏት ሳይሆን አይቀርም።

«አንቺ ነሻ» አለች። «በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ማታ፣ አልጋ ላይ። አክስቴ ስላት ሰምተሽ። አክስትሽ አይደለችም፣ የኔ እናት ናት፣ እትዬ በያት አልሽኝ።»

ጀበናው ተንተከተከ። አውርዳ ማቶቱ ላይ አስቀመጠችው።

«አታስታውሺውም?»

«አላስታውስም።»

«ገና ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። ሲኒዬን ከፊቴ አንሥታ አለቀለቀችና ቶናውን ቀዳችልኝ።